ባለቤት የሌለው መሬት የለም

ሰው በአንደበቱ ከሚሠራቸው ኀጢአቶች ሁሉ የሚከፋው ሐሜት ነው የሚሉ አሉ፤ ስድብ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከሁለቱም የሚከፋ አንድ ሐሰት አውቃለሁ። ሐሜት አንድን ሰው ይጐዳል፤ ስድብም የተሰደበው ሲረሳው ያልፋል። ይህ ሐሰት ግን ተናጋሪው ከሞተ በኋላ እንኳ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ቤት ያቃጥላል፤ ደም ያፈስሳል። ቃሉም አጭር ነው፤ «መሬቱ ባዶ ነበረ» የሚል ነው።

ይህን ሐሰት እኔ ራሴ ተናግሬዋለሁ። የተወለድሁት በአሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ረኀብ ተርፎ የመጣ ሰው ነበረ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤት በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ ተመረጥሁና፣ «አባቶቻችን ሰው ያልረገጠውን ባዶ ጫካ መንጥረው አገር አደረጉት» ብዬ አነበብሁ። ጭብጨባው እጅግ ደስ አሰኘኝ።

በማግሥቱ፣ በበዓሉ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት የበርታ ተወላጅ አዛውንት ወደ ቤታችን መጡ። ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ቡና ከጠጡ በኋላ እኔን ጠርተው ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡ። በጓሮአችን ከልጅነቴ ጀምሮ ፍሬውን ስበላ ያደግሁበት ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረ። «ልጄ፣ ይህን ማንጎ ማን ተከለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አባቴ ሲመጣ ቆሞ ያገኘው መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ባዶ ጫካ ማንጎ ይተክላልን?» አሉና ዶሮዎቻችን ውኃ የሚጠጡበትን ጐድጓዳ ድንጋይ በከዘራቸው ነክተው፣ «ይህ የእናቴ ወፍጮ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አልተቈጡም፤ አልሰደቡኝም። አባቴን ተሰናብተው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጭብጨባ ባስታወስሁ ቍጥር አፍራለሁ። ይህንንም የምጽፈው ያን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ የአንድ ጓሮ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ዛሬ በሀብትና በጕልበት ከዓለም አንደኛ የሚባለው የአሜሪካ አገርም የተመሠረተው በዚሁ ሐሰት ላይ ነው። ከአሶሳ ተነሥቼ እስከዚያ ድረስ የምወስዳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የእነርሱ ታሪክ 400 ዓመት ሞልቶታልና ፍጻሜው ይታያል፤ የእኛው ግን ገና 40 ዓመት ቢያልፈው ነው፤ ፍጻሜውም በእናንተ እጅ ነው። ከሌላው ውድቀት መማር ደግሞ በራስ ወድቆ ከመማር ይረክሳል። የአሜሪካውን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ1607 ከእንግሊዝ አገር የተነሡ 104 ያህል ወንዶችና ልጆች ቨርጂኒያ በተባለው አገር በወንዝ ዳር ሰፍረው ጀምስታውን የተባለችውን መንደር መሠረቱ። የላካቸው የነጋዴዎች ማኅበር ወርቅ ይሻ ነበርና ብዙዎቹ እርሻውን ትተው ወርቅ ፍለጋ ገቡ። በ1608 ወርቅ ነው ብለው በመርከብ ጭነው ወደ ለንደን የላኩት የሚያብለጨልጭ አፈር ከንቱ ሆኖ ተገኘ። የሚበሉትንስ ከየት አመጡ? ፓውሃታን በተባለው አለቃ ሥር ከነበሩት የአገሩ ሰዎች የበቆሎ ጎተራ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በልውውጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በጠመንጃ። ከባለ አገሮቹ ጋር በተጣሉ ጊዜ፣ በ1609 መጨረሻና በ1610 መጀመሪያ በነበሩት የብርድ ወራት፣ ከብዙ መቶ ሰፋሪዎች 60 ያህሉ ብቻ ከረኀብ ተረፉ። እስቲ አስተውሉ፤ ባዶ አገር እህል አያበድርም፤ ባዶ አገር ጎተራውን ዘግቶም አያስርብም።

ከዚህ በኋላ በ1620 ሜይፍላወር በተባለች መርከብ 102 መንገደኞች ወደ ሰሜን ርቀው በመውረድ ፕሊማውዝ የተባለችውን መንደር ቈረቈሩ። ከእነዚህ መካከል ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ፣ ጸሎት የሚያዘወትሩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ገና እንደ ደረሱ ባለ አገሮቹ በመሬት ቀብረው ያስቀመጡትን በቆሎ ቈፍረው ወሰዱ። ቀጥሎም የተመነጠረ፣ ለእርሻ የተዘጋጀ ባለቤት አልባ የሚመስል ቦታ አገኙና የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብለው ሰፈሩበት። ያ ቦታ ግን ፓቱክሰት የሚባል መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ ከ1616 እስከ 1619 በወረደ ተላላፊ በሽታ አልቀው ነበር። ከዚያ መንደር የተረፈ ቲስኳንተም የሚባል ሰው ነበረ፤ እርሱም የተረፈው በ1614 አንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ በተንኰል ይዞ ለባርነት ወደ ስፔን ወስዶት ስለ ነበር ነው። ከስፔን ወደ እንግሊዝ አምልጦ በ1619 ወደ አገሩ ቢመለስ፣ የሚያውቀው ሰው አንድ እንኳ አልቈየውም። ከሰፋሪዎቹ እኩሌታ ያህሉ በመጀመሪያው ብርድ ሲሞቱ፣ የቀሩትን በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያስተማራቸው ይኸው ሰው ነው። የሰፈሩትም በእናቱና በአባቱ አጥንት ላይ ነበረ።

ሐሰቱ እስከዚህ ድረስ የአፍ ሐሰት ነበረ። በ1630 ወደ ማሳቹሴትስ የመጡትን ሰፋሪዎች የመራው ጆን ዊንትሮፕ ግን የሕግ ልብስ አለበሰው። የአገሩ ሰዎች መሬቱን አላጠሩትም፣ ቋሚ ከብት አላረቡበትም፣ ስለዚህ የሚያርሱትን ጥቂት ስፍራ ትተንላቸው የቀረውን መያዝ እንችላለን የሚል ክርክር አቀረበ። እንግዲህ የአጥር ነገር መጣ። የእኛ አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። በአሜሪካ የሆነው ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ አጥር ስለሌለ ባለቤት የለም ተባለ። ባለ አገሮቹ መሬቱን ጥቂት ዓመት አርሰው ሲደክም ያሳርፉት ነበር፤ ያረፈው መሬት ባዶ ተባለ። ያድኑበት የነበረው ጫካም ባዶ ተባለ።

ውጤቱንም እነሆ። በ1622 የፓውሃታን ሰዎች በቨርጂኒያ ሰፋሪዎች ላይ በድንገት ተነሥተው 347 ሰው ገደሉ። ይህ እልቂት ግን አንዲት ክንድ መሬት እንኳ አላስመለሰላቸውም፤ እንዲያውም ለሚበልጥ በቀል ምክንያት ሆነ፤ በ1646 በተደረገው ውል በተከለለ ስፍራ ተወስነው ግብር ከፋዮች ሆኑ። በፕሊማውዝም በ1621 ከሰፋሪዎቹ ጋር የሰላም ቃል ኪዳን የገባው ማሳሶይት የተባለው አለቃ ነበረ። ከ54 ዓመት በኋላ የገዛ ልጁ ሜታኮም መሬቱ ሲያልቅበት ጦር አነሣ፤ በ1676 ተገደለና የተቈረጠ ራሱ በዚያችው በፕሊማውዝ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለብዙ ዓመታት ቆየ። አባቱ እንግዳ የተቀበለበት አገር ለልጁ ራስ ማሳያ ሆነ። ከእንግዳ ተቀባይነት እስከዚህ ድረስ የፈጀው የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ረኀብ ጸንቶ ሕዝቡ ባለቀ ጊዜ፣ የደርግ መንግሥት ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ወደ አሶሳ ብዙዎች በአንቶኖቭ አውሮፕላን እንደ ዕቃ ተጭነው መጡ። በመተከል በበለስ ሸለቆ፣ ዛሬ ፓዌ በምንለው አገር፣ 82 ሺህ ያህል ሰው በ48 መንደሮች ሰፈረ። በፈቃዱ የመጣ ነበረ፤ እህል ይሰጥሃል ተብሎ ተጠርቶ በዚያው የተጫነም ነበረ። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ። ደጋ ያደገ ሰው ወደ ቈላ ወርዶ በወባ እንደ ቅጠል ረገፈ። ይህን የምናገረው ሰፋሪው በደለኛ ነው የሚል ሰው ቢኖር አስቀድሜ አፉን ለመያዝ ነው። የተራበ ሰው እግሩ ወዳደረሰው ሄደ ተብሎ አይከሰስም። ወደ አሜሪካ ከሄዱትም መካከል በ1619 ቨርጂኒያ የደረሱት አፍሪካውያን በግድ የተወሰዱ እንጂ በፈቃዳቸው የሄዱ አልነበሩም። ስለዚህ መስፈር ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ የምከሰው እግርን ሳይሆን ምላስን ነው።

ምላሱ ምን አለ? በካርታ ፊት የተቀመጠው ሹም «ሰፊ ለም ባዶ መሬት አለ» አለ። ጉሙዝ ግን እንደ ፓውሃታን ሰዎች መሬቱን በመቈፈሪያ ጥቂት ዓመት ያለማና ሲደክም ለብዙ ዓመት ያሳርፈዋል። ያረፈው መሬት የየትኛው ጐሣ እንደ ሆነ፣ ወሰኑ የትኛው ወንዝ እንደ ሆነ፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በጫካው ማር ይቈርጣል፤ ሥራ ሥሩ በክፉ ቀን ይበላል፤ በወንዙ ዓሣ ያጠምዳል። ጫካው ጎተራው ነው። ሹሙ ግን የሚያውቀው የበሬ እርሻና አጥር ብቻ ነበረና ጎተራውን ባዶ ብሎ ጻፈው። ከዚያም በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት በዶዘርና በትራክተር መጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ጫካው ግን አልተመለሰም። መንደሮቹም እስከ ዛሬ ድረስ በቍጥር ይጠራሉ። ስም ያለው አገር ቍጥር የሚሰጠው፣ ስሙን የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። ይህ ባዶ የተባለው አገር ግብር ለማስገበር ጊዜ ከቶ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። የግብጹ ሙሐመድ ዓሊ ወርቅ ፍለጋ ሠራዊቱን ወደ ቤኒሻንጉል ጠረፍ የላከው ከ1830 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ኋላም ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ ወጣ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው አገሩን ሲያስገብሩ የተዋጉት ከጫካ ጋር አልነበረም፤ ሼህ ሆጀሌን ከመሳሰሉ፣ ሕዝብና ሠራዊት ካላቸው ገዢዎች ጋር ነበረ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ምድር ወርቅ በግብር ተላከ፤ ሰውም በባርነት ተነዳ፤ በዚህም ሥራ የአካባቢው ገዢዎች ራሳቸው በደካማ ጎረቤቶቻቸው ላይ እጃቸውን አስገብተዋል። «ሻንቅላ» የሚለውም ስድብ ከዚህ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ወርቁን ያጠበው ማን ነበረ? ለባርነት የተነዳውስ ማን ነበረ? ለመገበርና ለመሸጥ ጊዜ ሰው ሆኖ የተቈጠረ ሕዝብ፣ ለመሬት ጊዜ እንዴት ከቍጥር ይጐድላል?

«እኛ እኮ አለማነው» የሚል መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ማልማት መልካም ነው፤ አባቴም በዚህ መሬት ላይ አጥንቱ እስኪታይ ሠርቷል። ነገር ግን የሰውን በሬ አድልቦ የእኔ ነው ማለት አይቻልም። «መሬት የመንግሥት ነው» የሚሉም አሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው ይላል፤ የጋራ ማለት ግን የማንም አይደለም ማለት አይደለም። «አገር ለሚጠቅም ነገር ሁሉም ይገብራል» የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው። በጉባ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የኢትዮጵያውያን ሁሉ ኩራት ነው። ሐይቁ የተኛበት ሸለቆ ግን ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሰዎች የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ተነሥተውለታል። አምፑል ስናበራ ገንዘብ ያዋጣውን ሁሉ እናመሰግናለን፤ ቤቱን የሰጠውን ግን ማን አመሰገነው?

እስከዚህ ድረስ ሲያነብ ደስ ያለው የአገሩ ተወላጅ ወጣት ቢኖር፣ አሁን ነገሬ ወደ እርሱ ይዞራል። ከዚያኛው ሐሰት ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ ሌላ ሐሰት አለ፤ ስሙም «መጤ» ነው። የመጀመሪያው ሐሰት «አንተ አልነበርህም» ይላል፤ ሁለተኛው «አንተ የለህም» ይላል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከመቶ የሚበልጡ ሰላማዊ ሰዎች በአንድ ሌሊትና በአንድ ማለዳ ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ዓመት ሕፃን የማንን መሬት ወሰደ? በየትኛው ካርታ ላይ ፈረመ? በዚያው ዞን በበቀል የተገደሉ የጉሙዝ ንጹሐንስ የማንን ቤት አቃጠሉ? የባለቤትነት መብት የገጀራ ፈቃድ አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ይላል። የክልሉ ሕግም በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ሲል፣ ሌሎች ሕዝቦች እንደሚኖሩበት አይክድም። ባለቤት ማለት ደግሞ እንግዳውን የሚጠብቅ ማለት ነው እንጂ እንግዳውን የሚያርድ ማለት አይደለም። የ1622ቱን ነገር አስታውሱ፤ የተበደለ ሕዝብ ንጹሕ ደም ባፈሰሰ ቀን በደሉ ይረሳና ደሙ ብቻ ይወራል። የቀደመውንም እውነት በገዛ እጁ ይቀብራል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? አባትህ ወደ ወሎ ይመለስ?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። አባቴ በዚሁ ምድር ተቀብሯል፤ እኔም ሌላ አገር አላውቅም። የሚመለሰው ሰው ሳይሆን እውነቱ ነው። ጉሙዞች ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚታረቁበት ማንገማ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በእርቅ ጊዜ በዳይ በደሉን በአፉ ይናገራል፤ ያልተናገረ አይታረቅም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለውም ስለዚህ ነው። አሜሪካኖች የጐደላቸው ይህ ነው፤ ብዙ ትውልድ ሙሉ ለልጆቻቸው የመርከቢቱን ስም አስተማሩ፤ የፓቱክሰትን ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብም ብዙ ጕልበትም የማይፈልግ ነገር ነው። በሰፈራ መንደር የተወለድህ ወጣት፣ መንደርህ ቍጥር ሳይሰጠው በፊት ምን ይባል እንደ ነበረ አንድ ሽማግሌ ሄደህ ጠይቅ፤ ስሙንም ጽፈህ አስቀምጥ። በርታ ጎረቤት ካለህ በሩጣንኛ፣ ጉሙዝ ጎረቤት ካለህ በጉሙዝኛ ሰላምታ መስጠትን ተማር፤ 40 ዓመት አብሮ ኖሮ እንደምን አደርህ ማለት አለማወቅ ነውር ነው። ያረፈ መሬት ብታይ ከማረስህ በፊት የማን እንደ ሆነ ጠይቅ። «ሻንቅላ» የሚለውን ቃል ከቤትህም ከአፍህም አውጣ። የአገሩ ተወላጅ የሆንህ ወጣት ደግሞ፣ «መጤ» የሚባለው ልጅ ካንተው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ፊደል የቈጠረ መሆኑን አስብ፤ ሊገድሉት ሲመጡም በሩ ላይ ቁም። መምህራንም ብትሆኑ ለበዓል ንግግር የሚጽፍ ልጅ ሲመጣላችሁ ጽሑፉን አስቀድማችሁ አንብቡት፤ የእኔን ያነበበልኝ አልነበረም።

ያ የማንጎ ዛፍ አሁንም በጓሮአችን ቆሟል፤ በየዓመቱም ያፈራል። አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። ወፍጮውን ግን ከዶሮዎቹ ስፍራ አንሥቼ አጥቤ ለልጅ ልጃቸው ወሰድሁለት። እርሱም ተቀብሎ፣ «አያቴ ይህን ይጠብቅ ነበር» አለኝ። በየዓመቱ ማንጎው ሲደርስ የመጀመሪያውን ፍሬ ወደ እርሱ ቤት እወስዳለሁ፤ ልጆቼም የሚወስዱት ለማን እንደ ሆነና ስለምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።